ገመድ ያዡ ያልተናገረው

ልጆቼ፣ ዝናብ ያልታሰበ ሰው ያገናኛል። አባ ጥልቁ ያን ዕለት ጠዋት ከቤታቸው የወጡት አንድ የታወቀ ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ ነበር። ሰውዬው ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሃያ ዓመት ክስ የጻፈ፣ “ብዕሩ ይናከሳል” የሚባልለት ነው። እሳቸውም የፈለጉት የሚናከስ ብዕር ነበር። ሲደርሱ ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ታሞ ቀርቷል አሏቸው። ምን እንደሚያደርጉ ቆመው ሲያስቡ ዝናቡ እንደተደፋ ባልዲ ወረደ። የልጃቸው የሕክምና ወረቀት ያለበትን ፌስታል ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ቅርቡ የሸራ ጥላ ሮጡ። ሮጡ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የጉልበታቸውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሸራው ሥር ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ተቀምጣለች። እሷም ክስ ጸሐፊ ናት፤ ሕግ ተምራለች፣ ግን ወጣት ስለሆነች ገበያዋ ቀዝቃዛ ነው።

“ይግቡ አባባ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ። በዚያ በኩል ሸራው ያፈሳል” አለችና ወንበሩን በክንዷ ጠርጋ ሰጠቻቸው።

አባ ጥልቁ የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። በአካባቢው ካሉት ጉድጓዶች ግማሹን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ አፋፉ ላይ ቆሞ ገመድ ይይዛል። የሚወርደው ዶማና ጉልበት ካለው ይበቃዋል። የላይኛው ግን ገመድ ያዘ ይባል እንጂ የያዘው የሰው ነፍስ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሲቀልዱ “ሚስት ስትመርጥ ብትሳሳት ትፋታለህ፣ ገመድ ያዥ ስትመርጥ ብትሳሳት ትቀበራለህ” ይላሉ። አባ ጥልቁ አልተሳሳቱም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው፣ ያው ሰው፣ ሲያወርዳቸውና ሲያወጣቸው ኖረ። በዕድሜ ከሳቸው አሥር ዓመት ያንሳል። ስም አያስፈልገውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ገመድ ያዡ ይለዋል።

ከሰባት ወር በፊት የአባ ጥልቁ ጉልበት አብጦ ከቤት ቀሩ። ሥራው ተጀምሮ ነበርና የሃያ አራት ዓመት ልጃቸውን ከገመድ ያዡ ጋር ላኩት። ረፋዱ ላይ ሰው እየሮጠ መጣ። ልጁ ሲወርድ ከመካከል ወድቋል። ከጉድጓዱ ያወጡት፣ ጩኸት ሰምተው የተሰበሰቡ መንገደኞች ናቸው። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት፤ ከወገቡ በታች ያለውን ግን ሊመልሱለት አልቻሉም። ይኸው ሰባት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲያበሉት ይበላል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አይወጣውም።

ገመድ ያዡስ? እሱማ አልመጣም። ሐኪም ቤትም አልመጣ፣ ቤትም አልመጣ። በመንገድ ሲያያቸው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሌላ ቅያስ ይታጠፋል። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ሳህን አብሯቸው የበላ ሰው ነው። የአባ ጥልቁን አንጀት ያሳረረው ከልጃቸው መውደቅም ይልቅ ይህ ነበር።

“ክስ ትጽፊያለሽ?” አሏት።

“ሥራዬ ነው አባባ።”

“የሚናከስ ነው የምፈልገው።”

“መጀመሪያ ማንን እንደሚነክስ ይንገሩኛ” አለች ፈገግ ብላ።

ነገሯት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየደጋገሙ ነገሯት። እሷ ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ በማመልከቻው መጨረሻ “የምጠይቀው ዳኝነት” የሚባል ቦታ እንዳለ፣ ዳኛው ምን ብሎ እንዲያዝላቸው እንደሚፈልጉ እዚያ ላይ መጻፍ እንዳለበት በትሕትና አስረዳቻቸው።

“እንዲፈረድበት ነዋ።”

“ምን ተብሎ አባባ? ይታሰር ልበል?”

አባ ጥልቁ አሰቡ። ሰውየው አራት ልጆች አሉት፤ ትንሿን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። መታሰሩ ለልጃቸው እግር አይሆነውም አሉ። ካሳስ ስትላቸው ያለው ምን አለና፣ እንደኔው የእጁን ሥራ የሚበላ ሰው ነው አሉ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ወረቀቶቹን ከፌስታሉ አውጥተው መልሰው ከተቱ።

“እንዲናገር ነው የምፈልገው” አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። “ያን ቀን እዚያ አፋፍ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አንዱ ገመዱ ላላ ይለኛል፣ ሌላው ልጁ ወገቡ ላይ የቋጠረው ቋጠሮ ተፈታ ይለኛል። ልጄ እንዴት እንደወደቀ፣ ቤቴ መጥቶ፣ ዓይኔን እያየ እንዲነግረኝ።”

ጸሐፊዋ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች።

“እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ። ይህን ዳኛ ሊሰጥዎ አይችልም። እኔ ዛሬ ክሱን ብጽፍ መጥሪያ ይደርሰዋል። እሱም እንደርስዎ የሚያማክረው ሰው ይፈልጋል። የመጀመሪያው ምክር ‘ምንም አትናገር’ ነው የሚሆነው። ‘ቤታቸው እንዳትሄድ፣ ይቅርታ እንዳትል፤ ይቅርታ ካልክ አመንክ ማለት ነው’ ይሉታል። እርስዎ አንዲት ቃል ፍለጋ ይከሱታል፤ ክሱ ደግሞ ያችኑ ቃል አፉ ውስጥ ይቆልፍባታል።”

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ሲከስ የሚፈልገው ሌላ ነው፣ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው። የፈለገው “በድዬሃለሁ” የምትል ቃል ናት፤ የሚያገኘው ቀጠሮ ነው።

አባ ጥልቁ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። እርቅ እርቅ የሚለውን ነገር ድሮም እንደማይወዱት ነገሯት። “አስታራቂ ተብዬዎቹን አውቃቸዋለሁ” አሉ። “መጥተው ይቀመጣሉ፣ ‘በቃ የመጣ ነገር ነው፣ ተዉት፣ እርሱት’ ይላሉ፣ ያሳስሙናል፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። እነሱ ከወጡ በኋላ ልጄ እዚያው ነው ያለው። እኔን ደግሞ ታርቀህ የለም ወይ እያሉ አፌን ያስይዙኛል።”

“እውነትዎን ነው” አለች። አባ ጥልቁ ትከራከረኛለች ብለው ነበርና ግራ ገባቸው። “እንዲህ ያለው እርቅ መግል እንደያዘ ተሸፍኖ የደረቀ ቁስል ነው። ከላይ ድኗል፣ ከሥር ይበላል። እኔ የምልዎ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ያለውን ይናገር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ። ይቅር ማለት ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ባይመጣም ማንም ሰው የማያስገድድዎ ነገር ነው።”

“አንቺ ክስ ጽፈሽ የምትበይ፣ ምን ቤት ነሽና ነው አትክሰስ የምትዪኝ?”

ጸሐፊዋ ስለ አባቷ ነገረቻቸው። አባቷ ከገዛ እህቱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተካሷል። የተካሰሱት ከፊትና ከኋላ ባሉት ቤቶቻቸው መካከል ስላለች፣ ስፋቷ ሁለት ክንድ ስለማትሞላ መተላለፊያ ነው።

“አባቴ መጻፍ ይከብደው ነበር” አለች። “አሥር ዓመት ሲሞላኝ ማመልከቻውን የምገለብጥለት እኔ ሆንኩ። የእጅ ጽሑፍ የተማርኩት ‘ተከሳሽ ክፉ ልቦናዋን ተመርኩዛ’ እያልኩ ነው። ተከሳሽ የምላት አክስቴ ናት። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ሲያተኩሰኝ በጀርባዋ አዝላኝ የምትዞር አክስቴ። አንድ ቀን በዚያች መተላለፊያ ተገናኘን። ‘የኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽ አማረ፤ ትናንት ፍርድ ቤት አየሁት’ አለችኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲያ ግን እስክትሞት አላናገረችኝም።”

“አባትሽስ?”

“ረታ። የውሳኔው ግልባጭ ሲወጣ አክስቴ ከተቀበረች አራት ወር ሆኗታል። ወረቀቱን ይዞ በመተላለፊያዋ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ ማንም አልከለከለውም። ሲገባ ‘ለካ ይህን ያህል ጠባብ ናት’ ብቻ ነው ያለው።”

አባ ጥልቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም ገና የሚቆጠቁጣቸው ነገር ነበር። ታዲያ ፍርድ ቤት ለምን ተሠራ፣ ይዘጋ ትያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

“አልልም” አለች። “ባሏ የሚደበድባት ሴት ስትመጣ፣ ጉልበተኛ ቤቱን የቀማው ወላጅ የሌለው ልጅ ሲመጣ ‘ታረቁ’ አልልም፤ ወዲያው እጽፍላቸዋለሁ። ደካማን ከጉልበተኛ ጎን አስቀምጦ ታረቁ ማለት ሌላ በደል ነው። ለነሱ ፍርድ ቤት ጋሻቸው ነው። እናንተ ግን እኩያሞች ናችሁ። ሁለታችሁም ተጎድታችኋል።”

“እሱ ደግሞ ምኑ ተጎዳ?”

“አላውቅም አባባ። እርስዎስ ያውቃሉ?” አለችና ቀጠለች፤ “ሃያ ሰባት ዓመት ያልለቀቀ እጅ ያን ቀን ለምን ለቀቀ?”

አንድ ነገር ወደ አባ ጥልቁ አፍ መጣ። ምላሳቸው ላይ ደርሶ ቆመ። መልሰው ዋጡትና ወደ መንገዱ እያዩ ዝናቡ አባርቷል አሉ።

ሲነሱ ጸሐፊዋ ሁለት ነገር ነገረቻቸው። አንደኛ፣ ለክሱ በሕግ የተሰጠው ጊዜ ገና አላለፈም፤ ንግግሩ ካልሆነ እሷው ትጽፍላቸዋለች፣ ዋጋም አትጠይቅም። ሁለተኛ፣ የተበደልኩ እኔ ሆኜ እንዴት እለምናለሁ ብለው ነበርና ራሳቸው መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም የሚያምኑትን ሰው ይላኩ። አባ ጥልቁ “አስቤ እመለሳለሁ” ብለው ወጡ። ሦስት ቀን አሰቡ። በአራተኛው ቀን ሁለቱም የሚያምኑት፣ ዶማቸውን የሚሠራላቸው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዱ።

ቀጥቃጩ ለነገር የሚቸኩል ሰው አይደለም። ገመድ ያዡ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጀመሪያው ቀን በሩን የከፈተለት የሚስቱ ወንድም ነበር፤ አንድ ጠበቃ ቢሮ በር ላይ ሁለት ዓመት ዘበኛ ሆኖ ስለሠራ ሕግ አዋቂ የሆነ ሰው። እሱም ተከሳሽ ከከሳሽ ጋር መነጋገር እንደሌለበት ረጅም ትምህርት ሰጠው። ቀጥቃጩ ጨርሶ ሰማውና “ሕግ በር ላይ ቆመው የሚማሩት ከሆነ፣ የኔ በር ላይ የሚውለው ፍየል እስካሁን አንጥረኛ በሆነ ነበር” ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ገመድ ያዡን ብቻውን አገኘው። ያላለቀ ነገር እንደማይለቀው፣ ብረትም ሲግል ካልታጠፈ በኋላ እንደሚሰበር ነገረው። ገመድ ያዡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። በኔ በኩል ሲስተር ይቀመጡልኝ አለ። ሲስተር የሚሏቸው በሰፈሩ ያሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የልጁን ቁስል እየተመላለሱ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ።

ጸሐፊዋ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀች። ሁለቱ ሲገናኙ የሚነገር ቃል ነገ በማንም ላይ ምስክር ሆኖ አይቀርብም የሚል ነው። ሁለቱም ፈረሙ። ቦታውን ስትመርጥ ግን ከአባ ጥልቁ ጋር ተጋጨች። እሷ ልጁ በተኛበት ክፍል ይሁን አለች። እሳቸው ልጄ ይረበሻል፣ በቂ መከራ አለበት አሉ።

“የተሰበረው የማን ወገብ ነው አባባ?” አለቻቸው።

አባ ጥልቁ ወንበር ሊለምኑ ወደ ጎረቤት ሄዱ።

በተቀጠረው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ የቅባትና የተዘጋ ቤት ሽታ አለ። ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ተደረደሩ። እናትየው አልቀመጥም ብላ በሩን ተደግፋ ቆመች። ልጁ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። ሲስተር ሥርዓቱን ተናገሩ፦ የሚናገር እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠው፤ ማልቀስ ይቻላል፣ መሳደብ አይቻልም።

ገመድ ያዡ ለረጅም ጊዜ አፉ አልከፈት አለው። ቀጥቃጩ ሊያግዘው ሲል ሲስተር በእጃቸው ከለከሉት።

“ቀኝ እጄ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው” አለ መጨረሻ ላይ። “ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግን አይሰማኝም። መርፌ ብትወጉኝ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ገመድ ያዥ እጄ ሞተ ካለ እሱም ሞተ፤ ማን ያሠራዋል? በግራዬ እየደገፍኩ ቻልኩት። ያን ቀን ልጁ ወደ ስምንት ሜትር ሲደርስ ገመዱ በቀኜ ውስጥ አመለጠ። ማምለጡን ያወቅሁት በዓይኔ ነው። እጄ አልነገረኝም። በግራዬ ስይዘው ጊዜው አልፎ ነበር።” የግራ መዳፉን ዘረጋ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተላጠ፣ ደርቆ የተጨማደደ ጠባሳ አለበት። “ልመጣ ነበር። በማግስቱ ልመጣ ልብሴን ለብሼ ነበር። ከሄድክ አመንክ ማለት ነው አሉኝ። ክስ ቢመጣብኝ ቋጠሮውን የቋጠረው ልጁ ራሱ ነው፣ ተፈትቶበት ነው በል ተባልኩ። እኔም ልል ነበር።”

ማንም ከመናገሩ በፊት አልጋው ሲንቋቋ ሰሙ። ልጁ በክርኑ ተደግፎ ዞረ። ሰባት ወር ሙሉ ከግድግዳ በቀር ያላየ ፊት ነው፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ገብቷል።

“ቋጠሮው አልተፈታም?” አለ።

“አልተፈታም ልጄ።”

“እርግጠኛ ነህ ጋሼ?”

“እንዳባትህ ቋጠሮ ነበር። ሲያወጡህ ሰዎቹ ሊፈቱት አቅቷቸው በቢላ ነው የቆረጡት። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ።”

ልጁ መልሶ ተጋደመ፤ አሁን ግን ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

“እኔ ነኝ ብዬ ነበር” አለ። “አባቴ ሲያሳየኝ አንድ ዙር ረስቼ መስሎኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ስቋጥር ነው የማየው። የት ላይ እንደሳትኩ እፈልጋለሁ። ማንም ምንም ስላላለኝ፣ እንዳላዝን ብለው ነው የሚደብቁኝ አልኩ።”

እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባ ጥልቁ ወለሉን ያዩ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ለሳቸው መልካም ነበር። የፈለጉትን ቃል ሰምተዋል፤ በዳዩ አምኗል፤ ቀሪው የሳቸው ይቅር ማለት ብቻ ነው። እሳቸውን የጠየቃቸው ማንም የለም። ብዙዎቻችን በዚያ ቦታ ብንሆን “ሆድ ይፍጀው” ብለን እንቀመጥ ነበር።

“እኔም የምናገረው አለኝ” አሉ። “አውቅ ነበር።”

ገመድ ያዡ ቀና አለ።

“የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅህ መያዝ ስትጀምር አይቻለሁ። የሸሚዝህን ቁልፍ ሚስትህ እንደምትቆልፍልህ አውቅ ነበር። አንድ ቀን የጋለ ብረት ይዘህ ሳይሰማህ ስትቆም አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ። ከነገርከኝ ሌላ ገመድ ያዥ ልፈልግ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማንን አምናለሁ አልኩ።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ማየት ግን አልቻሉም። “ያን ጠዋት ጉልበቴ አብጦ ነበር፣ እውነት ነው። በዱላ ግን መሄድ እችል ነበር። እዚያ ቆሜ የእጁን ነገር ማየት ስላልፈለግሁ ቀረሁ። አንተን ግን ላክሁህ።”

ጸሐፊዋ እንኳ፣ ነገር የለመደችው፣ ጫማዋን ነበር የምታየው። ሲስተር ማንንም ለማጽናናት አልሞከሩም።

ልጁ ገመድ ያዡን ወደ አልጋው ጠራው። ቀኝ እጁን ያዘና በጥፍሩ አውራ ጣቱ ሥር አጥብቆ ተጫነው።

“ይሰማሃል?”

“አይሰማኝም።”

“የኔም እግር እንዲሁ ነው” አለ። እጁን ግን አለቀቀውም። አባቱን ደግሞ እንዲህ አላቸው፦ “አባባ፣ ዛሬ ምንም አልልህም። አልችልም። ከእንግዲህ ግን ፊቴን አዙሬ አልተኛም። የምልህ ሲኖረኝ እያየሁህ እልሃለሁ።”

አባ ጥልቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ በላይ እንደማይገባቸው ያውቁ ነበር።

ስምምነቱ የተጻፈው በማግስቱ ነው። ገመድ ያዡ ከእንግዲህ ገመድ አይይዝም። ልጁን በየጠዋቱ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቀጥቃጩ ቤት ያደርሰዋል፣ ማታም ይመልሰዋል፤ ለመግፋት ትከሻና አንድ ደህና እጅ ይበቃል። ቀጥቃጩ ልጁን የውሃ ፓምፕ ጥገና ያስተምረዋል፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ሲስተር የገመድ ያዡን እጅ ነገር ወደሚያውቅ ሐኪም ወሰዱት፤ ዘግይቷል፣ የቀረው ግን እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል ተባለ። የመጨረሻውን አንቀጽ ያስጻፉት አባ ጥልቁ ራሳቸው ናቸው። በሳቸው ሥር በሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉ፣ ሰው ከመውረዱ በፊት የዕለቱ ገመድ ያዥ ስለ እጁ ይጠየቃል፤ አልችልም ያለ ሰው የዚያን ቀን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ ከሥራ አይባረርም። ቀጥቃጩም ሰው ቢለቀው እንኳ ገመዱን ጥርሱ የሚይዝ መዘውር ሠራላቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡ። ገመድ ያዡ ቋጠሮው ተፈታ ይላል። አባ ጥልቁ የሚያውቁትን አያወጡም፤ ከሳሽ በገዛ ራሱ ላይ አይመሰክርምና። ልጁ ደግሞ “ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ነው” የሚል ወረቀት ይደርሰው ነበር፤ ያንን ይዞ ዕድሜ ልኩን ግድግዳውን ያያል። ከሦስት አንዱ ይረታ ይሆናል። የረታውም መተላለፊያ ውስጥ ብቻውን ይመላለሳል።

ዋሽቼ አላጽናናችሁም፤ የልጁ እግር አልተመለሰም። አባትና ልጅም እንደ ድሮው አልሆኑም፤ በሳምንት አንድ ቀን ይጣላሉ፣ ሲጣሉ ግን ይነጋገራሉ። ያገኙት እሱን ነው። ቁጣን ወደ ዳኛ ከመውሰድ በፊት ሦስተኛ ሰው አስቀምጦ መነጋገር የተሰበረውን ሁሉ አይጠግንም። ያልተሰበረው ግን እንዳይሰበር ያደርጋል። እውነት ለሚገባው ሰው ሳይዘገይ ይደርሳል፤ ሃያ ሰባት ዓመት አብሮ የሠራ ሰውም አንገቱን ሳይደፋ በመንገድ ይሄዳል።

በቅርቡ አባ ጥልቁ ከከተማው ዳር አዲስ ጉድጓድ ጀመሩ። ዱላቸውን ተደግፈው አፋፉ ላይ ቆሙ። ቆፋሪው መታጠቂያውን አጥብቆ ሊወርድ ሲል፣ ገመዱን የያዘውን ጎልማሳ እንደ ደንባቸው ስለ እጁ ጠየቁት።

ጎልማሳው አመነታ። “ዛሬ ልክ አይደለም አባ ጥልቁ” አለ።

ማንም አልሳቀበትም። አካፋ ሰጡትና አፈር ወደሚያነሱት ሄደ። ገመዱን ሌላ ሰው ያዘ፤ ቆፋሪውም ወረደ።